ልጅዎ 9ኛ ክፍል ሊገባ ነው? የቡናውን ችግኝ ይመልከቱ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል የሞያሌን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ ይደርሳል። ወናጎን አልፎ ወደ ይርጋ ጨፌ ወረዳ ሲዘልቅ የዱመርሶን አገር ያገኛል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና ተደጋግፈው የሚያድጉበት ምድር ነው። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ታዲያ ስለ ቤተሰብ በሚነገርበት ገጽ ዱመርሶን ምን አመጣው? ይሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው።

የቡና ችግኝ በመደብ ላይ ሳለ ዳስ ይሠራለታል። ይሁን እንጂ አብቃዩ ክረምት ሲገባ ድንገት ነቅሎ ፀሐይ ላይ አይጥለውም። ዳሱን ቀስ በቀስ እያሳሳ ፀሐዩን ያለማምደዋል። የሚተከልበትንም ጉድጓድ አስቀድሞ ቆፍሮ ያቆየዋል። ሳይለማመድ የወጣ ችግኝ ይጠወልጋልና።

እናት ሆይ፣ መስከረም ሲጠባ 9ኛ ክፍል የሚገባው ልጅዎም እንደዚሁ ነው። ትምህርት ቤቱ አዲስ፣ መምህራኑ አዲስ፣ ተማሪው ብዙ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በቤቱ ጌዴኡፋ ለሚናገረው ለዱመርሶ ልጅም፣ አማርኛ ለሚናገረው ለከተማ ልጅም ሌላ ጭንቀት ነው። ሆዴን ቆረጠኝ ቢል፣ ምግብ ቢዘጋው፣ እንቅልፍ ቢያጣ ስንፍና አይምሰልዎ። «ታላቅ ወንድምህ መቼ እንዲህ ሆነ?» ማለት ፍርሃቱን ያብሰዋል እንጂ አያስታግሰውም።

ይልቅስ ጉድጓዱን አስቀድመው ይቆፍሩ። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት መንገዱን አብረውት ይሂዱ፤ መግቢያ በሩን፣ የውኃ ቧንቧውንና መጸዳጃ ቤቱን ይወቅ። ከሰፈር እዚያው የሚማር አንድ ልጅ ይፈልጉለት፤ የሚያውቁት አንድ ፊት ለመጀመሪያው ቀን ትልቅ ስንቅ ነው። ለሴት ልጅዎ ደግሞ የወር አበባ መጠበቂያዋን በቦርሳዋ አስቀምጠው፣ ሳያፍሩ ያነጋግሯት። ማታ ሲመለሱ «እንዴት ነበር?» ብቻ አይበሉ፤ «ከማን ጋር ተቀመጥክ? የቱ ትምህርት ከበደህ?» ብለው ይጠይቁ።

በቡና አገር ሌላም ችግር አለ። ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው በመስከረም ነው፤ እሸት ቡና ተለቅሞ ገንዘብ የሚገባው ግን በአብዛኛው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ለቀማውም ልጁ ትምህርቱን ገና ሳይለምድ ይደርሳል። ለጥቂት ቀን እጅ ተፈልጎ የቀረ ተማሪ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎት፣ ፍርሃቱ እንደገና ያገረሽበታል። ስለዚህ የደብተሩ ወጪ ካለፈው ሽያጭ ተቆንጥሮ ቢቀመጥ፣ የልጁ እገዛም በቅዳሜና በእሑድ ቢወሰን መልካም ነው። የከተማ እናትም ሱቅ ጠብቅ፣ ሕፃን ያዥ እያለች ልጇን ከክፍል ባታስቀር ይኸው ምክር ለእርሷም ይሆናል።

ጭንቀቱ ሳምንታት አልፈውት ካልቀነሰ ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ይነጋገሩ፤ የጤና ባለሙያም ያማክሩ። ከዚህ በቀር ግን ልጅዎን ከፍርሃት ሁሉ ለመጋረድ አይድከሙ። ዳሱ እስከ መጨረሻው ያልተነሣለት ችግኝም ፍሬ አይሰጥም። በመጀመሪያው ሳምንት አብረውት ይሂዱ፤ በሁለተኛው እስከ መንገዱ አጋማሽ ይሸኙት፤ በሦስተኛው ከደጅ መርቀው ይልቀቁት።