የሚመጣውን ውኃ ሁሉ ይጠይቃል፣ የሚሄደውንስ?

ጎንደር ውስጥ የውኃ ነገር ከተነሳ ጨዋታው ሁሉ ስለሚመጣው ነው። ፈረቃችን መቼ ነው? ግፊቱ ሮቶ ላይ ይወጣል ወይ? የአንገረብን ግድብ ደለል ምን ያህል በላው? የመገጭ ግድብስ መቼ ይደርስልናል? ስለሚሄደው ውኃ ግን ሽታው አፍንጫችን ሥር እስኪደርስ ድረስ ማንም አያነሳም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የአንዲት ጎረቤቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ልጇ ከውጭ በላከችላት ብር የተገዛ አውቶማቲክ ማሽን ነው። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ስታጥብ የኖረች ናትና ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ ግን መታጠቢያ ቤቱ ይሸት ጀመር። የገጠመላት ልጅ የማሽኑን የፍሳሽ ጎማ ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ እስኪገባ ድረስ ገፍቶ ከትቶት፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ሞልቶ፣ በላዩ ፌስታል ጠምጥሞ ነበር የሄደው። ሸተተ ተብሎ ሲጠራ መጥቶ ሌላ ሲሊኮን ደረበበት። ሽታው ንቅንቅ አላለም።

ቀጥሎ የተጠራው ሸምገል ያለ ቧንቧ ሠሪ ነው። አንድም ቃል ሳይናገር ሲሊኮኑን በቢላ ልጦ አወጣው። ጎማውን መዘዘ፣ በባትሪ ወደ ቀዳዳው ውስጥ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ፦

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ሲፎን የለውም። አፉን ቢለጉሙት በሌላ በኩል ይወጣል» አላት።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ሲፎን ያ የታጠፈው ቧንቧ ነው። ውኃ ባለፈበት ቁጥር እጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ይቀራል፤ የጉድጓዱን አየር ወደ ቤት እንዳይመጣ የሚያግደውም ያ የቀረው ውኃ ነው። ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ካለው በቂ ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 እንግሊዝ አገር ላይ የፈጠራ መብት ያገኘበት መጸዳጃ ዋና ብልሃቱ ይኸው እጥፋት ነበር። ሲፎን የሌለው ቀዳዳ በር የሌለው ቤት ነው፤ መጋረጃ ቢደራርቡበት ቤት አይሆንም።

ሽማግሌው ከግድግዳው ጥግ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቀጥ አድርጎ አቆመ፣ ከሥሩ ሲፎን ገጠመለት፣ ጎማውንም ከላይ በኩል ከአንድ ስንዝር ሳይበልጥ አስገብቶ ግድግዳው ላይ አሰረው። በጎማውና በፒቪሲው መካከል ያለውን ክፍተት ግን ሆን ብሎ ተወው። ጎረቤቴ ደነገጠች፤ «ይኼንን አትደፍነውም እንዴ?» አለችው። አልደፈነውም፣ ልክም ነው። ማሽኑ ውኃውን በሞተር ገፍቶ ነው የሚያስወጣው። አየር መግቢያ ካጣ፣ ፈጥኖ የሚወርደው ውኃ ሲፎኑ ውስጥ የቀረውንም መጥጦ ይዞት ይሄዳል፤ ሽታውም ይመለሳል። ቧንቧው ከተዘጋ ደግሞ ቆሻሻው ውኃ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት መንገድ ተከፈተለት ማለት ነው። ጥብቅ ብሎ መታሸግ ያለበት ፒቪሲ ከፒቪሲ የሚጋጠምበት ቦታ ነው፤ እሱም በኮላ።

የፒቪሲው አፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ለኛ ከተማ ይህቺ ቁጥር ቀላል አይደለችም። የአውቶማቲክ ማሽን ጎማ ወለል ላይ ከተጋደመ ማሽኑ ሲሞላ ውኃው ከሥር ከሥሩ በጎማው እየፈሰሰ ይሄዳል። ማሽኑ ልሙላ ይላል፣ አይሞላም፤ ስንት ቀን ጠብቀን ያጠራቀምነው ሮቶ ግን ይራቆታል። ውኃ ማስወጫ ሞተር የሌለው ባለ ሁለት ጎድጓዳ ማሽን ተቃራኒው ነው፤ ውኃው በራሱ ስለሚወርድ ጎማው ዝቅ ማለት አለበት። የትኛው ማሽን እንዳለን ሳንናገር ባለሙያ ጠርተን «ግጠምልን» ብንል ጥፋቱ የሱ ብቻ አይሆንም።

የፈረቃው ጣጣ እዚህም አይተወንም። ውኃ ሲጠፋ ማሽኑ ሥራ ይፈታል፣ በበጋው ፀሐይ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ያልቃል። ሁሉ ነገር በደንብ ተገጥሞ እያለ ድንገት ቤቱ ከሸተተ ሠራተኛ ከመጥራት በፊት ሁለት ኩባያ ውኃ ቀዳዳው ውስጥ ማፍሰስ ነው። ለረጅም ጊዜ ከቤት የሚወጣ ሰው በላዩ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ቢያደርግበት ዘይቱ ላዩን ሸፍኖ ቶሎ እንዳይተን ያደርገዋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቤታችን አፍንጫ ነው። ውኃው ከቤት ከወጣ በኋላስ? የብዙዎቻችን መልስ «ወደ ቦዩ» ነው። የአስፋልት ዳር ቦይ ግን የተሠራው ለክረምት ጎርፍ ነው። የመንደራችን ቦይ ወደ ቀሃ ወይ ወደ አንገረብ ወንዝ ይወርዳል፤ እነሱ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና። ጣና ላይ እምቦጭ ታየ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በጣም ከተጠቁት ዳርቻዎች አንዱም የመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። እምቦጭን የእኛ ኦሞ ብቻ አመጣው አልልም፤ የማዳበሪያና የደለል ድርሻ ትልቅ ነው። ግን ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ያፋፋዋል፣ የኛም እጅ አለበት። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ውኃ ነው። ተባርኮ ሲረጨን እልል ብለን የምንቀበለው ወንዝ ላይ በነጋታው የእድፋችንን እጣቢ እንለቃለን።

የእጣቢ ውኃ ታችኛው ወንዝ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከኛ ሰው በላይ ያስተማረ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ሲያይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ መግደል ይቻላል የሚለው ግኝቱ የተነሳው ከዚያ ነው። እጣቢው ያኔ በጎ ሥራ ሠራ። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ላይ ያጠብንበት ታች የሚኖረውን ያገኘዋል።

ደግሞ እኛ እንዲህ ያለውን ነገር «አላውቅም» የማለት መብት የለንም። ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከፈጀው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያን ሲያሠለጥን ነበር። የፍሳሽንና የጉድጓድን ነገር ለገጠሩ ሊያስተምሩ በየአውራጃው የወጡት ከዚህ ነው።

ስለዚህ ማሽን ያላችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም፣ ባለሙያ ስትጠሩ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ሲፎኑ የት ነው? መጨረሻውስ የት ነው? መልሱ «ቦዩ ጋ» ከሆነ፣ ግቢ ካላችሁ ከቤቱ መሠረትና ከጉድጓድ ውኃ ራቅ አድርጋችሁ በድንጋይና በጠጠር የተሞላ ማስረጊያ አስቆፍሩ። ግቢ ለሌላችሁ፣ አንድ እጥበት ከ40 እስከ 60 ሊትር ይጨርሳልና የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውኃ በባልዲ ተቀብላችሁ ለሽንት ቤት አውሉት። ቦዩም ያርፋል፣ ለፈረቃውም አንድ ጀሪካን ይተርፋችኋል።