ቦዩን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ

ሰፈራችን መቱ ዳር፣ ወደ ሶር ወንዝ የሚወርድ ጅረት ከሚነሳበት ተረተር ላይ ናት። ከሥሯ ጨፌ ነበር። አሁን በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መሬትና በመስመር የቆመ ባሕር ዛፍ ነው ያለው። ቡና ላይ ስለዚህ ነገር ሲነሳ ሰው ዝናቡን ያማል፣ ዘመኑን ያማል። እኔ ፍንጃሌን ይዤ ዝም እላለሁ። እንዲህ ዝም ካልኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ።

የሰፋሪ ልጅ ነኝ። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ወደ ኢሉባቦር ሲያመጡን ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያኛው አገር በደንብ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ እናቴ ውሃ ለመቅዳት በሌሊት ስትነሳ የበሩ ሲጢጥ ማለት። ኢሉባቦር ስንደርስ ደግሞ ዝናቡ አላባራ አለን። ጎረቤታችን ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። አባቴ ጨፌውን ባየ ቁጥር «ይሄ ሁሉ መሬት ጦሙን ይደር?» ይል ነበር። ተምሬ፣ ሠልጥኜ፣ የእርሻ ባለሙያ ተብዬ እንኳ ጨፌን የማየው በአባቴ ዓይን ነበር።

በ1993 ዓ.ም. የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩና አንድ ዕቅድ አወጣሁ። ርዕሱን አልረሳውም፤ «ራሷን የቻለች ሰፈር»። ጨፌው ይደርቅና ጎመንና በቆሎ ይዘራበታል፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይተከልና ማገዶና ማገር ከደጃችን እናገኛለን። መብራቱ አያሳስብም። ሶር ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት ማመንጫ ያኔ ከአገሪቱ ዋና መስመር ተነጥሎ ለብቻው አካባቢውን ያበራ ነበር፤ የራሳችን ወንዝ፣ የራሳችን መብራት። ውሃውስ? ምንጭ አለን፣ ብዬ አለፍኩት። በዕቅዱ ላይ ስለ ምንጩ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ጨፌ ማረስ እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም። የኢሉባቦር ገበሬ ከእኔ በፊት ለብዙ ዘመን አርሶበታል፤ በደርግ ጊዜም «በምግብ ራስን መቻል» ተብሎ ብዙ ጨፌ ተጠንፍፏል። ነባሩ ገበሬ ግን ሥርዓት ነበረው። ቦዩ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን ከየት እንደሚቆፍር የሚያስማማ ሽማግሌ አለ፤ አባ ላጋ ይሉታል። የእኛ አባ ላጋ ዕቅዱን ሰምተው ስብሰባው ላይ መጡ። ሦስት ነገር ለመኑን። በምንጩ ዓይን ዙሪያ ያለው ቄጤማ እንዳይነካ፣ ቦዩ ከጉልበት እንዳይጠልቅ፣ በቆሎው ሲነሳ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ተመልሶ እንዲተኛ።

«አባቴ፣ ይሄ የድሮ ልማድ ነው። በግማሽ ቦይ ሙሉ ምርት አይገኝም» አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባ ላጋው ከዘራቸውን አንስተው «እሺ ልጄ፣ የተማርከው አንተ ነህ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ስብሰባችን ላይ አላየኋቸውም።

ቦዩን እስከ ደረት አስቆፈርነው። መጀመሪያ ውሃው እያጉረመረመ ሲወርድ ልጆች በደስታ አብረውት ሮጡ፤ አልቅት ፈርተው የማይገቡበት ጨፌ በሳምንት ውስጥ ኳስ ሜዳ ሆነላቸው። በአንደኛው ዓመት ጎመኑ የሰው ጭን ያህል ቆመ። እንግዳ መጥቶ ፎቶ አነሳን፤ እኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ። ሚስቴ «አውርደው» ትለኛለች፤ አላወረድኩትም።

በአራተኛው ዓመት ምንጩ ቀጠነ። ድሮ ጀበና ተጥዶ ሳይፈላ አንድ ጄሪካን ሞልቶ ይፈስ ነበር። አሁን ቢጫ ጄሪካኖች እስከ መንገዱ ድረስ ይሰለፉ ጀመር፤ የወረፋ ምልክት የሚሆን ድንጋይም መጣ። አንድ የየካቲት ሌሊት እንቅልፍ ላይ ሳለሁ የበር ሲጢጥታ ሰማሁ። እናቴ ናት። ነጠላዋን በወገቧ ታጥቃ፣ ጄሪካኗን ይዛ ወረፋ ልትይዝ ስትወጣ። ከወሎ የሸሸችውን ሌሊት እዚህ ደጃፏ ድረስ ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ግን ለእሷም አልነገርኳትም። ሞታለች፤ ሳልነግራት።

ሳነብ ያገኘሁት ከረፈደ ነው። ያንን ዕቅድ ከመጻፌ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የኢሉባቦርን ጨፌዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች አባ ላጋው የነገሩንን ያህል ጽፈው ነበር፤ ጥልቅ ቦይና ባሕር ዛፍ ጨፌን እንደሚያደርቁ፣ ጨፌ ሲደርቅ ምንጭ አብሮ እንደሚሄድ። ሌላው ያስደነገጠኝ ካምፓላ ናት። የከተማይቱ ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወርድ ናኪቩቦ የሚባል ረግረግ ያጣራላት ነበር፤ ይህ ነጻ አገልግሎት በገንዘብ ሲተመን በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛስ? የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ በጋውን ሙሉ ለምንጩና ለሶር ጥቂት ጥቂት የሚለቅ ነበር። ከመጸዳጃና ከማጠቢያ የሚወርደውን ያጠራ ነበር። የሣር ቤት ክዳንና የበዓል ቄጤማ ይሰጥ ነበር። ገንዳ፣ ማጣሪያና ጎተራ በአንድ ላይ ማለት ነው፤ ሲሚንቶና ቧንቧ ስለሌለው ግን ከሰፈሩ ሀብት አልቆጠርኩትም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ባሕር ዛፍን ለመስደብ አይደለም። አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊነሡ ሲያስቡ ከተማይቱን ያቆያት እሱ ነው። ደረቅ ተረተር ላይ ተክዬው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። የተከልኩት ምንጭ አፍ ላይ ነው።

አባ ላጋው በሕይወት የሉም። ባለፈው ግንቦት ልጃቸው ቤት ሄጄ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገርኩ። ቡና አፈሉልኝ። ቡናው ሲያልቅ ልጃቸው ከዘራ ይዞ ተነሣና ቦዩ በየት በኩል መደፈን እንዳለበት በእግሩ እየሄደ አሳየኝ። የቦዩን ራስ በአፈር ጆንያ ደፍነነዋል። የባሕር ዛፉ ነገር ግን አስቸግሯል፤ ሁለት ቤተሰብ የሚኖረው አጠና ሸጦ ነው፤ እነሱን ቁረጡ የማለት አፍ የለኝም። የራሴን ስልሳ ዛፍ ቆርጫለሁ። ክረምት ሲገባ ሄጄ አየሁት፤ ጉቶው ሁሉ እንደገና አቆጥቁጧል።