በሦስት ሚሊ የተጣላ ቤተሰብ

ቤታችን ጠብ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። የጠቡ መነሻ መሬት አይደለም፣ ውርስም አይደለም... ሦስት ሚሊ ሜትር ናት።

ታናሽ ወንድሜ ማርፋን ሲንድሮም የሚባል አብሮት የተወለደ ችግር አለበት። ቁመቱ በር አያስገባውም፣ ጣቶቹ ክራር ለመምታት የተፈጠሩ ይመስላሉ (አይመታም እንጂ!)። ዋናው ነገር ግን ውስጥ ነው። ከልብ ወጥቶ ለመላው አካል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ገና ከሥሩ ይለጠጥበታል። ከመጠን ሲያልፍ ግድግዳው ይቀደዳል፤ ያኔ ሐኪም ቤት መድረሻ ጊዜም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ይለካል። ማርፋን ላለበት ሰው አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ ሳይቀደድ በቀዶ ሕክምና ይቀየር ይባላል።

አምና በኢኮ 4.8 ተባለ። ዘንድሮ ሌላ ቦታ በሲቲ ስካን 5.1። እናላችሁ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እህቴ ‹‹ቤቱ ይሸጥና ውጭ ይታከም!›› አለች። እማዬ ደግሞ ‹‹እየበላ እየሳቀ ያለ ልጅ ደረቱ አይከፈትም!›› ብላ አለቀሰች። እኔ ታላቅ ነኝና ሁለቱን ወረቀት ይዤ ዝም።

በመጨረሻ ከወንድሜ ጋር ዕድሜያቸው ጠና ካለ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወረቀቶቹን ገፋ አድርገው ‹‹ምስሎቹስ?›› አሉ። ከፍተው ብዙ አዩ።

‹‹ካሮት ቀጥ አድርገህ ስትቆርጠው ክብ ነው። በሰያፍ ስትቆርጠውስ?››

‹‹ሞላላ ይሆናል።››

የዘንድሮው ለኪ ቧንቧውን በሰያፍ ቆርጦት ኖሯል። በዚያ ላይ ኢኮ ብዙውን ጊዜ የፊተኛውን ግድግዳ ውፍረት ጨምሮ ይለካል፤ ሲቲ ግን ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ የሚለካበት ጊዜ አለ። የአኦርታ ሥር ደግሞ ሦስት ኪስ አለው፤ መስመሩ ከየት ወደ የት እንደተሰመረ ካልተጻፈ ሁለት ሰው ሁለት ቁጥር ያመጣል። ዶክተር አቃንተው ለኩት፤ 4.8። ‹‹ከእንግዲህ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መንገድ›› አሉ።

እፎይ ብዬ ልነሳ ስል ‹‹አባታችሁ አሉ?›› ብለው ጠየቁ።

የአባዬን ሞት ስንናገረው ሁሌም አንድ ነው። በ43 ዓመቱ ምሳ በልቶ ተነሳ፣ ‹‹ጀርባዬን!›› አለ፣ ማታን አላየም። ሰፈሩ ‹‹ምች ነው›› አለ፤ እኛም ተቀበልን። እሱም ረጅም ነበር። ጓደኞቹ ክንዱን አይተው ‹‹እጀ ረጅሙ›› ይሉት ነበር፣ የሰው ሳንቲም ነክቶ የማያውቀውን ሰው!

ዶክተር እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አሁን ማረጋገጥ አይቻልም፣ ግን ያስፈራል አሉ። በቤተሰብ ውስጥ አኦርታው የተቀደደበት ሰው ካለ አምስት አይጠበቅም፤ በ4.5ም ቀዶ ሕክምናው ይታሰባል። ሦስት ሚሊዋ ላይ ስንጨቃጨቅ ይህን የጠየቀን አልነበረም፤ እኛም አልተናገርንም። አሜሪካዊቷ የመረብ ኳስ ተጫዋች ፍሎ ሃይማን እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን ውስጥ ጨዋታ ላይ ሳለች ስትሞት፣ ማርፋን እንደነበረባት የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው።

ወንድሜ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ‹‹ቫልቬ ይቀርልኛል?›› ብረት ቫልቭ ከገባለት ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን እየዋጠ፣ ደሙን እያስመረመረ ነው የሚኖረው። የራሱ ቫልቭ ጤነኛ ከሆነ ግን ቧንቧውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ እሱም ሳይለጠጥ ሲደረስበት ነው።

ልንወጣ ስንል ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ?››

‹‹እኔማ አጭር ነኝ›› አልኩ።

‹‹ቁመትህን አልጠየቅኩህም›› ብለው ለማክሰኞ ጻፉልኝ።