መጀመሪያ ደረቴን ያየችው ነርስ

የሮቤ ነዋሪ ነኝ፤ ሙያዬ መምህርነት ነው። ቬንትሌተር (መተንፈሻ ማሽን) ላይ ከሚተኙት ብዙዎቹ ማደንዘዣ ስለሚሰጣቸው የሆነውን አያስታውሱም። እኔ ግን ነቅቼ ነው የከረምኩበት። የያዘኝ ጊላን ባሬ የሚባል በሽታ ነበር፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቩን ያጠቃል። ከተቅማጥ በኋላ እግሬን ደነዘዘኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ድካሙ ሽቅብ እየወጣ ደረቴ ደረሰ። በዚህ በሽታ ከተያዙ 4 ሰዎች አንዱ ያህል መተንፈሻ ማሽን ያስፈልገዋል። አንገቴ ተበስቶ ቱቦ ገባልኝ። እሰማለሁ፣ ያመኛል፤ ጣቴን ግን ማንቀሳቀስ አልችልም። የቀረኝ ዓይኔን መጨፈን ነበር፤ አንዴ «አዎ»፣ ሁለቴ «አይ»።

ከማታ ተረኞቹ ነርሶች አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ነበረች። «ቲቸር፣ ሳያውቁት ከሚፈሩት ልንገርዎት» ብላ የማሽኑን የማስጠንቀቂያ ድምፆች (አላርሞች) አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ማሽኑ በሽታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ባለሙያ የሞላለትን ወሰን ነው። የአየር ግፊቱ ከላይኛው ወሰን ካለፈ አክታ ዘግቷል፣ ቱቦው ታጥፏል ወይም ሕመምተኛው እየሳለ ነው። ከታችኛው ወሰን ከወረደ ደግሞ አየር ያፈሳል፣ ወይም ቱቦው ወልቋል። መብራት ጠፍቶ ወደ ባትሪ ሲዞርም፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሲያልቅም ይጮኻል።

ወሰን ማስቀመጥ ራሱ ሙያ ነው። ከጠበበ በየሳሉ ይጮኽና ሰሚው ይሰለቻል፤ ከሰፋ ሰው እየታፈነ ዝም ይላል። እንደኛ ባለ ደጋ ነገሩ ይብሳል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጎረቤቷ ጎባ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ የጤነኛው ሰው የደም ኦክስጅን እንኳ ከቆላው ሰው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ወሰኑ አገሩንም ሕመምተኛውንም አይቶ መቀመጥ አለበት።

አንድ ሌሊት የላይኛው ግፊት አላርም ጮኸ። የእኔ ወሰን 40 (በሴንቲ ሜትር ውሃ) ላይ ነበር። ግፊቱ እዚያ ሲደርስ ማሽኑ ሳንባ እንዳይጎዳ ትንፋሹን ያቋርጣል፤ አየሩንም መልሶ ያስወጣዋል። ሳንባዬን ለመጠበቅ የተሠራው መላ እኔን ያፍነኝ ጀመር፤ ትንፋሹ ሳይሞላ ይመለሳል። አንድ ተረኛ መጣ፣ ስክሪኑን አየ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሄደ። ያ ቁልፍ በአብዛኛው ለ2 ደቂቃ ያህል ዝም ቢያሰኝ እንጂ የተዘጋውን አይከፍትም። ዓይኔን ደጋግሜ ጨፈንኩ፤ የሚያየኝ አልነበረም።

ዳግም ሲጮኽ ተማሪዬ ከሌላ አልጋ ሮጣ መጣች። ስክሪኑን ዞር ብላም አላየችው። ፊቴን አየች፣ መዳፏን ደረቴ ላይ አሳረፈች፤ አይነሳም። ማሽኑን ከቱቦዬ ነቅላ፣ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘውን አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ መተንፈሻ ከረጢት) ሰካችና በእጇ ጨመቀች። አልጨመቅ አላት። ችግሩ ማሽኑ ጋ ሳይሆን እኔ ጋ መሆኑን ያወቀችው በዚያ ነው፤ ማሽኑ ቢሆን ኖሮ በእጅ ሲሰጥ አየሩ ይገባ ነበር። ወዲያው አክታ የሚመጥ ሳክሽን አስገባች። እንደ ሙጫ የደረቀ አክታ ወጣ፣ ደረቴ ተነሳ።

በሽታው ብዙውን ሰው ቀስ እያለ ይለቃል፤ እኔንም ለቆኝ ዛሬ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ። ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ ስንት ቬንትሌተር አለ ሲባል ብዙ ሰምተናል። ጥያቄው ደግ ነው፤ ማታ ላይ ለአንድ ነርስ ስንት አልጋ ይደርሳል፣ አምቡ ባግ በየራስጌው አለ ወይ የሚለውም ይጠየቅ። አስታማሚዎችም፣ እንድትገቡ ከተፈቀደላችሁ የማሽኑን ቁልፍ አትንኩ። አላርም ሲጮኽ የሕመምተኛችሁን ደረት እዩ፤ ካልተነሳ ይሉኝታ ሳይዛችሁ ነርስ ጥሩ።