የኒኒያን ቤል ሃምሳ ኤከር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር 18ኛው ጎዳና ላይ የመጀመሪያዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሲከፈቱ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በ1980ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሬድ ሲ» እና «መስከረም» በዚያ ጎዳና እንጀራ ሲያቀርቡ ሰፈሩ ለስደተኛው ሁሉ መገናኛ ሆነ። ሥራ የሚፈልግም፣ ዘመድ የሚያፈላልግም፣ ቡና የናፈቀውም ወደዚያው ነበር የሚያቀናው። ከእኛ በፊትስ? አንድ አገር ስንደርስ «ይህን ቦታ መጀመሪያ ያቀናው ማነው?» ብለን መጠየቅ ከአባቶቻችን የወረስነው ጠባይ ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ በሰፈሩ አጠገብ ከሚያልፈው ከሮክ ክሪክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሰፈሩትን የቅኝ ግዛት ዘመን ሰዎች በየሰነዱ መከተል ከጀመርኩ ወዲህ ሰፈሩን ሳየው ሌላ ሆኖብኛል።

በእኛ ደጋ አገር ጥያቄው የኑሮ ጥያቄ ነበር። አለን ሆበን የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር ስለ ጎጃም ደጋ ዳሞት ርስት በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ርስት የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ተነስቶ በአባቱም በእናቱም በኩል ሽቅብ እየቆጠረ እስከ አቅኚ አባቱ መድረስ ነበረበት። ቆጠራውን በቃሉ የሚያውቅ ሽማግሌ ከጠበቃ ይበልጥ ይፈለግ ነበር። ጉልት ሲሰጥ ደግሞ በደብሩ ወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ የሰጪው፣ የተቀባዩና የምስክሮቹ ስም ይጻፋል፤ የሚያፈርሰው ሰው እንዲወገዝም ከታች ይታከልበታል። ዶናልድ ክራሚ ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ያቆመው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ነው። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ሰው የሜሪላንድን የመሬት መዝገብ ሲገልጥ ፈጽሞ ባዳ አይሆንም።

ኒኒያን ቤልን እንከተለው። ስኮትላንዳዊ ነው። በ1650 በደንባር ጦርነት የክሮምዌል ሠራዊት ማርኮት በባርቤዶስ በኩል ወደ ሜሪላንድ ተጋዘ ብለው ተወላጆቹ ይተርካሉ። ይህ የቃል ታሪክ ነው። መዝገቡ ላይ ጎልቶ የሚገኘው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ በጃንዋሪ 1667 ነው። የካልቨርት አውራጃ ገበሬ ኒኒያን ቤል ቀርቦ፣ ሪቻርድ ሆል ለሚባል ሰው የውል አገልግሎቱን መፈጸሙን አስረድቶ፣ የ50 ኤከር መሬት መብቱን አስመዘገበ። ጉዳዩ በቃ ይኸው ነው፤ ጥቂት መስመር። በዘመኑ ሕግ ውሉን የጨረሰ አገልጋይም 50 ኤከር የመጠየቅ መብት ነበረው፤ በራሱ ወጪ ሰው በመርከብ ያስመጣም በየሰዉ ቁጥር መሬት ይጠይቅ ነበር። እስከ 1683 ድረስ በሠራው በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው የብዙ ተራ ሰው ስም አናፖሊስ ባለው የሜሪላንድ ቤተ መዛግብት የቀረልን። ስማቸው የተጻፈው መሬት ስላስቆጠሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በእንግሊዝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ጃንዋሪ 1667 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር 1668 ነው። ፈረንጅ ተመራማሪ እዚህ ላይ ሲደናገር አይቻለሁ፤ ዕድሜውን በሁለት ዘመን አቆጣጠር ሲያሰላ የኖረ ሐበሻ ግን ወዲያው ይገባዋል።

ቤል ከዚያች 50 ኤከር ተነስቶ የሚሊሺያ ኮሎኔል፣ የሸንጎ አባልና ሰፊ መሬት ያለው ሰው ሆነ። በ1703 «የደንባርተን ዓለት» የተባለውን 795 ኤከር መሬት በስሙ አጸደቀ፤ ከአዳምስ ሞርጋን ቁልቁል ሮክ ክሪክን ተከትሎ የሚወርድ ሰው የሚደርስበት ጆርጅታውን ማለት ነው። ከተማይቱ በ1751 ስትቆረቆር ከልጁ ከጆርጅ ቤል እጅ ያለፈቃዱ ተቆርሶ ነው የተወሰደው። የዚያን መሬት ወረቀት የሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ረጅም ነው። በ1703 መሬቱ በ1696 የተቋቋመው የፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ ነበር። በ1748 ወደ ፍሬድሪክ ዞረ፤ በ1776 ወደ ሞንትጎመሪ፣ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለበት አውራጃ ማለት ነው፤ ከዚያም ወደ አዲሱ ዋና ከተማ ግዛት። ቤቱን ሳይለቅ የኖረ ቤተሰብ ወረቀቱ በአራት ፍርድ ቤት ተበትኖ ይገኛል። ይህን ሳያውቅ «ስማቸው የለም» ብሎ የተመለሰ ስንት ተመራማሪ አለ!

የቤል ታሪክ ደስ ይላል። ምርኮኛ መጥቶ ባለርስት መሆን የስደተኛ ሁሉ ምኞት ነው። እኔ ግን ከእሱ አጠገብ ማቲያስ ደ ሱሳን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ደ ሱሳ በ1634 የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ይዛ ሜሪላንድ በደረሰችው «አርክ» መርከብ የመጣ፣ አፍሪካዊ ደም ያለው ሰው ነው። እሱም እንደ ቤል በውል አገልጋይነት ነው የመጣው። እሱን የምናውቀው ኢየሱሳውያን ካህናት በስንት ሰው ልክ መሬት እንደሚገባቸው ሲያስቆጥሩ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ስለገባ ነው። ከውሉ ነፃ ወጣ፣ የንግድ ጀልባ መራ፣ በ1642 በሜሪላንድ ሸንጎ እንደ ነፃ ሰው ተገኘ። በዚያው ሰሞን በዕዳ ተከሰሰ፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ዝም ይላል። መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ልጅ ይውለድ አይውለድ የሚነግረን ወረቀት የለም። የሁለቱም ሰዎች አጀማመር አንድ ነው፤ የአንደኛው ስም መሬቱን ተከትሎ እስከ ኑዛዜው ድረስ ይሄዳል፤ የሁለተኛው ስም ዕዳውን ተከትሎ ይጠፋል።

ከደ ሱሳ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ አፍሪካውያን ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው ዕጣቸው። ትምባሆ አምራቹ ጌታ ሲሞት የንብረቱ ዝርዝር ይወጣል፤ ድስት፣ አልጋ፣ ላም፣ ከዚያ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ያለ አባት ስም፣ ከጎናቸው ዋጋቸው። በ1850 እና በ1860 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ባሪያ የተባለው ሰው በጌታው ስም ሥር በዕድሜና በጾታ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ዋሽንግተን ውስጥ የብዙዎቹ ስም በዝርዝር የተጻፈው ባርነት በከተማይቱ በሕግ በቀረበት በኤፕሪል 1862 ነው። ከ3,000 በላይ ሰዎች ነፃ ሲወጡ መንግሥት ለጌቶቹ በአማካይ በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር ካሣ ሊከፍል ወሰነ፤ ገንዘቡን የፈለገ ሁሉ የሰዎቹን ስም፣ ዕድሜና መልክ ጽፎ አቤቱታ አቀረበ። ካሣው ለባለቤት እንጂ ለተገዛው አልነበረም። ሆኖም ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ቅድመ አያቶቻቸውን የሚያገኙት በዚያው ወረቀት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ከ18ኛው ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ በአዳምስ ሚል መንገድ ላይ የዋልተር ፒርስ መናፈሻ አለ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ የእኛም ሰዎች ውሻ ያናፍሱበታል። ከሣሩ ሥር ግን መካነ መቃብር ነው። ኩዌከሮች ከ1807 ጀምሮ ይቀብሩበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ የጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር ከ1870 እስከ 1890 ድረስ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ቀበረ። የእኛን እድር የሚያውቅ ሰው የማኅበሩን ሥራ ያውቃል፤ ለመቅበርና ለመረዳዳት የቆመ ነበር። መቃብሩ ከተዘጋ በኋላ ቦታው ተረሳ፤ መናፈሻም ሆነ። ከ2005 ጀምሮ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ማክና ተመራማሪዋ ሜሪ ቤልቸር ከሌሎች ጋር ሆነው ምድሩን ሳይቆፍሩ ገጹን በማጥናትና የሞት የምስክር ወረቀቶችን አንድ በአንድ በማገላበጥ የተቀበሩትን ስም መልሰው ሰበሰቡ። ብዙዎቹ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባርነት ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ለእኔ ይህ ሥራ ለቤል ክብር ከተተከለው ድንጋይ ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ኪራይ ሲንር ከአዳምስ ሞርጋን ብዙዎቻችን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተበትነናል፤ «መስከረም»ም ተዘግቷል። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው እኛን ቢፈልገን የሚያገኘው የንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውልና የግብር ወረቀት ነው። ያም ቢሆን ያሳስተዋል። በእኛ ልማድ ባል፣ ሚስትና ልጅ የሚጠሩበት የአባት ስም ይለያያል፤ አሜሪካዊው መዝገብ ግን በቤተሰብ ስም ነው የሚፈልገው። አንዱ ልጅ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ሁለት ቤተሰብ መስለው ይቀራሉ። የእኛን ሐረግ መቁጠር የሚችለው የእኛው መዝገብ ብቻ ነው፤ የእድሩ ደብተር፣ የደብሩ የክርስትና መዝገብ፣ የመጀመሪያው ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝር፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት።

እንግዲህ ወገኔ፣ እነዚህ ወረቀቶች በየምድር ቤቱ ሻግተው ከመጣላቸው በፊት ልመናዬን ስሙኝ። የእድር ጸሐፊ የሆናችሁ አሮጌውን ደብተር አትጣሉት፤ ቅጂውን ለዋሽንግተን ማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት የታሪክ ክፍል አሳዩ። በፎቶ ጀርባ ላይ ስም ከነአያቱ፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ፤ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አመልክቱ። እናቶቻችሁን ዛሬውኑ እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሯቸውና በእጃችሁ ጻፉት።