ጾምን በጾም ምግብ መፍታት

«ጾም ተፈታ» የሚለውን ቃል አበሻ ሲሰማ አስቀድሞ የሚነቃው አፍንጫው ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ቅቤው ሲነጠር፣ ዶሮው ሲገነጠል፣ በጓሮ በኩል ቢላዋ ሲሳል ይታየዋል። ፋሲካን ያለ ዶሮ ወጥ የሚያስብ ካለ ወዲህ ይቅረብና እንየው! ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ርቆ የሰነበተ ክርስቲያን ጾሙን የሚፈታው በተከለከለው ነገር ነው፤ ደንቡም ልማዱም ይኸው ነው። ታዲያ ከእህልም ከውሃም ተከልክሎ ውሎ፣ ማታ ሥጋ በሌለበት ገበታ የሚፈታ ሌላ ጾም አለ ብንል አንባቢ ምን ይለናል? ጾምን በጾም ምግብ መፍታት! እንቆቅልሽ ይመስላል። እኛም እንቆቅልሹን የፈታነው በመጽሐፍ ሳይሆን በድስት ነው።

«እኛ» ስንል አራት ነን። አራታችንም ሴቶች፣ አራታችንም የሥነ ሰብእ ተማሪዎች፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት በጋራ የተከራየን። ሁለታችን ጎንደር ተወልደን በልጅነታችን ከቤተሰብ ጋር የመጣን ቤተ እስራኤላውያን ነን። ሦስተኛዋ እዚሁ ተወልዳ አማርኛን ከአያቷ የተማረች ናት። አራተኛዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣች የተዋሕዶ ልጅ። ስንጣላ በአማርኛ፣ ስንታረቅም በአማርኛ ነው።

ጾሙ ዕብራውያን ዮም ኪፑር የሚሉት፣ አባቶቻችን ግን በግእዙ አስተሥርዮ ሲሉት የኖሩት ነው። ቲሽሪ በሚባለው ወር በ9ኛው ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ይገባና በ10ኛው ቀን ከዋክብት ሲወጡ ያበቃል፤ 25 ሰዓት ግድም መሆኑ ነው። ምግብ የለ፣ ውሃ የለ። ገላ መታጠብና የቆዳ ጫማ ማድረግ እንኳ አይፈቀድም። እሳት አይለኮስም፣ ድስት አይጣድም። ሱቅ ይዘጋል፣ አውቶቡስ ይቆማል። አውራ ጎዳናው መኪና አልባ ይሆንና የሰፈር ልጆች በብስክሌት ይንጋጉበታል። እንግዲህ ማታ የሚበላው ነገር ከየት ይምጣ? ወይ ትናንት የተሠራ መሆን አለበት፣ ወይ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በዚያች ምሽት ሥጋ አትብሉ ያለ ሕግ የለም፤ የሚበሉም ቤቶች አሉ። ነገር ግን ብዙዎች ወደ እንቁላል፣ ወደ አይብ፣ ወደ ዓሣ፣ ወደ ምስርና አትክልት ያዘነበሉበት ምክንያት አላቸው። አንደኛ፣ ዶሮው የሚበላው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ማዕድ ነው። ሁለተኛ፣ ሥጋና ወተት በአንድ ገበታ አይቀርቡም፤ ሥጋ ከቀረበ ቅቤ፣ አይብና የወተት ቡና ይቀራሉ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ባዶ የዋለ ሆድ ጮማ ሲወርድበት ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራተኛውን ምክንያት የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፤ ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው። ምግብ የምትሠራዋ ሴትም ጾመኛ ናት። ሌላው ከምኵራብ ተመልሶ ቁጭ ሲል እሷ ድካሟንና ራስ ምታቷን ይዛ ምድጃ ሥር ልትንበረከክ ነው? አስቀድሞ የተሠራና ቀዝቅዞም የሚበላ ምግብ እሷንም ከጾመኞቹ እኩል ያስቀምጣታል።

ይህ ሐሳብ ከማቀዝቀዣ ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቤተ እስራኤል በአገር ቤት ሳሉ በሰንበት እሳት አይነድም ነበር፤ የሰንበት ምግብ ዓርብ ተሠርቶ ቅዳሜ ቀዝቃዛውን ይበላ ነበር። ሊቃውንቱም ቢሆኑ የምግቡን ነገር ንቀው አላለፉትም። በዛሬው የአይሁድ አቆጣጠር ዮም ኪፑር ዓርብ ወይም እሑድ እንዳይውል ተደርጎ ተሰልቷል፤ ከሰንበት ጋር ከተያያዘ ሁለት ቀን በተከታታይ ሥራ ይቆማላ! ለዚህ ጥንቃቄ ታልሙድ ውስጥ፣ ሮሽ ሀሻና በሚባለው ክፍል፣ ሁለት ምክንያት ተሰጥቷል። አንዱ ሊቅ ስለ ሙታን አለ፤ አስከሬን ሁለት ቀን ሳይቀበር እንዳይቆይ። ሌላው ስለ አትክልት አለ፤ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ። የቀን አቆጣጠርን ያህል ነገር ለጎመን ቅጠል ሲባል ጎንበስ ማለቱን ስናነብ ሳቅን፤ ቆየት ብለን ግን ዝም አልን። ለራት ያሰበ ሊቅ ለሚጾመው ሰውም አስቧል።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. ዮም ኪፑር ረቡዕ መስከረም 25 ዋለ። ረቡዕ ነው እንግዲህ! ለተዋሕዷ ጓደኛችን ከሥጋውም ከወተቱም ከእንቁላሉም የሚያስቀር ቀን። በዚያ ላይ ሦስተኛዋ ጓደኛችን ጾሙን እዚያው ሰፈራችን በሚኖሩት በአያቷ ቤት እንድንፈታ ለመነችን። አያቷን ሁላችንም እምዬ ነው የምንላቸው። የአምቦበር ሰው ናቸው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዷ።

ከጎንደር የመጣ ሰው የጉዳዩን ክብደት ያለ ማስረዳት ያውቀዋል። በአገር ቤት ሥጋ የሃይማኖት ድንበር ነው፤ ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ቤተ እስራኤሉም ያረደው ለየራሱ ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ከዚያም አልፈው ሌላው የጋገረውን አይቀምሱም፣ ከገበያ ሲመለሱ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም ነበርና «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ከወዲያ በኩልም ያለው የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ያበጀለትን ሰው «ቡዳ ነው» ብሎ ልጁን የሚደብቅ ጎረቤት ነበር። ስለዚህ የእምዬ እናት የክርስቲያን እንጀራ አልቀመሱም፤ የጓደኛችን ቅድመ አያትም የእምዬን እናት ዓይን ይፈሩ ነበር ብንል ከልማዱ አልራቅንም። እነዚህ ሁለት ወገኖች ናቸው እንግዲህ በአንድ ማታ፣ በአንድ ትሪ ሊቀመጡ የታሰበው።

እምዬ ነገሩን ሲሰሙ ዝም አሉ። ሁለት ቀን ዝም አሉ። ጓደኛችንም ነገሩ ገብቷት «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እሆናለሁ» አለች። እሷን ጥለን ብንሄድ ምን ዓይነት ጾም እንጾማለን? እምዬን ቅር ብናሰኝስ ምን ዓይነት ይቅርታ እንለምናለን? ሚሽና ውስጥ ዮማ በሚባለው ክፍል የተጻፈ ቃል አለ፤ ሰው ለፈጣሪው የበደለውን አስተሥርዮ ያስተሠርይለታል፣ ባልንጀራውን የበደለውን ግን ሄዶ ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ ቀኑ አያስተሠርይለትም ነው ነገሩ። ዕርቅም እንደ ምስሩ ከዋዜማው በፊት መሠራት ያለበት ነገር መሆኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት እምዬ አስጠሩን። ድስቶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ነበር። «ድስቱ የኔ ይሁን፤ እሳቱንም እኔ እለኩሳለሁ» አሉ። «ሽንኩርቱን ግን ማንም ይክተፈው፤ ሁሉንም እኩል ነው የሚያስለቅሰው።» ቀጥለውም ወደ ጓደኛችን ዞር ብለው፣ «ነይ እንግዲህ አንቺ የሸዋ ልጅ፣ ሰፌዱን ያዥና ምስር ልቀሚ» አሏት። «እሺ እምዬ» ብላ ተቀመጠች። አንዲት ጠጠር እንኳ አላለፈቻትም።

ሥራው እንዲህ ነበር። የጤፉን ሊጥ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ አቦክተን ስለነበር ማክሰኞ ጠዋት እንጀራው ተጋገረ። ገበያው ሰኞ አለቀ፤ ማክሰኞ ሱቁ በጊዜ ይዘጋልና። ድፎው ጥቁር አዝሙድና ጥቂት ማር ገብቶበት ማክሰኞ ከመጋገሩ በቀር ብዙ ወግ የለውም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ ማግስቱ ማታ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

የገበታው ንጉሥ አዚፋ ነው። ሦስት ኩባያ ድፍን ምስር ይቀቀላል፤ እንዳይፈርስ፣ ደግሞም በጥርስ እንዳይንቋቋ። ውሃው ይጠለልና ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹ በማንኪያ ጀርባ ይዳመጣል። በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሎሚ ይጨመራል። ሰናፍጩንና ቃሪያውን ግን እምዬ ከለከሉን፤ «ባዶ ሆድ ላይ እሳት አይለኮስም» ብለው በየትንንሽ ሳህን ለብቻ አስቀመጧቸው፤ የፈለገ ይጨምር። አዚፋ ሌሊቱን ሲያድር ሎሚው ምስሩ ውስጥ ይገባል፤ በማግስቱ ከተሠራበት ቀን ይልቅ ይጥማል። ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በእርድ አልጫ ሆኖ ተሠራ፤ እሱም ቀዝቅዞ የማያስከፋ፣ ለሆድም የዋህ ነው። እነዚህ ሁሉ በዘይት ስለሆኑ ለኮሸሩም ለረቡዑም እኩል ናቸው።

ለመጠጥ ሱፍ አሰብን። ሱፉ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በወንፊት ተጠልሎ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ይህንን ስንሠራ ከታች ፎቅ የሚኖሩ፣ ቤተሰባቸው ከሳሎኒካ የመጣ አሮጊት ጎረቤት መጥተው ቆመው አዩን። ተመልሰው ሄዱና የራሳቸውን ይዘው መጡ። ክረምቱን ሁሉ ያጠራቀሙት የሜሎን ዘር ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ። ማታ ስኳርና ጥቂት የጽጌረዳ ውሃ ይጨመርበታል። ፔፒታዳ ይሉታል፤ የግሪክና የቱርክ አይሁድ ይህንን ጾም የሚፈቱበት መጠጥ ነው። የተዋሕዷ ጓደኛችን ቀመሰችና «ይሄማ የኛ ሱፍ የአጎት ልጅ ነው!» አለች። የቋጠሮው ነገር ደስ ይላል፤ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሲጸልይ ዘሩ ብቻውን ሥራውን ሲሠራ ያድራል፣ ይውላል።

ወላጆቿ ከፖላንድ ዘር የሆነች የክፍል ጓደኛችን ደግሞ ማክሰኞ ቀትር ላይ ኩገል ላከችልን። ፓስታ በአይብ፣ በእንቁላልና በስኳር ተለውሶ በምድጃ የተጋገረ ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት ተሠርቶ ቀዝቃዛውን ይቆረጣል። እምዬ አንድ ቁራጭ ቀምሰው «ፓስታ ነው ወይስ ብስኩት?» ሲሉ ጠየቁ፤ እኛም እስከ ዛሬ አልመለስንላቸውም።

በዋዜማው ሁሉም ተከድኖ ተቀመጠ። ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ግድም ከዋክብት ወጡ። ከትናንት ጀምሮ ሲነድ በዋለው መብራት ቡራኬው ተባለ፤ አዲስ እሳት እስከዚያ አልተለኮሰም። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሱፍና ፔፒታዳ፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ ትሪው ቀረበ። ማንም ወደ ጓዳ አልሮጠም። እምዬ ከአዚፋው በእንጀራ ጠቅለል አድርገው ወደ ጓደኛችን እጃቸውን ዘረጉ። ጎረሰች። «አንድ ያጣላል» አሉና ደገሟት። እናታቸው «አትንኩኝ» የተባሉት እምዬ ናቸው እንግዲህ። ሁላችንም አይተናል፤ ማንም ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የቡና ረከቦቱ ቀረበ፣ ወሬው ወደ ፈተና ዞረ።

ያን ማታ የአንዷ ጓደኛችን አባት ጎራ ብለው ትሪውን አይተው፣ «ሥጋ ከሌለው ታዲያ ምኑን ተፈታ?» አሉ። ጥያቄው የአገራችን ጥያቄ ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። መልሳችን ግን ይህ ነው። ያ ትሪ ሥጋ ቢኖርበት ኖሮ ሦስት ትሪ ይሆን ነበር፤ የአራጁ ማንነት ይጠየቅ ነበር፣ ወተቱ ከኩገሉ ጋር ይባረር ነበር፣ ጓደኛችንም ረቡዕዋን ይዛ ከበር ትመለስ ነበር። ሥጋ ክብር ነው፤ በአገር ቤት እንዳየነው ግን ሰውን የሚለየውም እሱ ነው። ምስር ግን ማን አረደው አይባልም።

ነገሩ በአስተሥርዮ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። በአብ ወር በ9ኛው ቀን የቤተ መቅደሱ ጥፋት በሚታሰብበት ጾም፣ ማታ ጾሙ ቢፈታም እስከ ማግስቱ ቀትር ሥጋና ወይን የማይቀምሱ ብዙ ናቸው፤ ቃጠሎው እስከ 10ኛው ቀን ዘልቋልና። እዚያ ላይ ያለ ሥጋ መፍታቱ ራሱ የታወቀ ልማድ ነው። ከአስተሥርዮ 50 ቀን ቆይቶ ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀው በዓለ ስግድ አለ፤ እሱም ጾም አለው። አዚፋው ለሁሉም ይበቃል።

እንግዲህ ለአንባብያን የምንለው አጭር ነው። ሊጡን በሦስት ቀን፣ ዘሩንና ምስሩን በአንድ ቀን ቅደሙ። ሰናፍጩን ለብቻ አስቀምጡ። የተጣላችሁት ሰው ካለ ደግሞ ገበያው ሳይዘጋ ሂዱና ሽንኩርት እንዲከትፍ ጥሩት። አባትየውም፣ እንዳይደበቅ፣ አዚፋውን ሁለቴ አስጨምረዋል።