የሦስት ሌሊት እቅድ፦ ከመተማ ድልድይ እስከ ራይን ድልድይ

መተማ ዮሐንስ ያደገ ሰው ካምፐር የሚባለውን የመኪና ቤት ለማየት አውሮፓ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከካይሮ ተነስተው ኬፕ ታውን ድረስ የሚነዱ ፈረንጆች ለብዙ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ጋላባትንና መተማን በምታገናኘው ትንሽ ድልድይ ነበር። ጣሪያው ላይ ትርፍ ጎማና ጄሪካን የተጫነበት ላንድክሩዘር፣ ሆዱ ውስጥ አልጋና ምድጃ ያለው የጭነት መኪና ጉምሩኩ በር ላይ ቆሞ ይውላል። ልጆች ከበው በመስኮት ያያሉ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ፈረንጁ ግን ከራሱ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ውሃ አውጥቶ ይጠጣል። ከዚያ ገንዳ ውሃንና ጭልጋን አልፎ ወይ ጎንደር ይገባል፣ ወይ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ሆላንዳውያን የከፈቱት ቲም ኤንድ ኪም ቪሌጅ ያርፋል።

ልጆቹን የሚገርማቸው አልጋው ብቻ አልነበረም። መኪናው ፓስፖርት ነበረው። ካርኔ ይባላል። ባለመኪናው በአገሩ ያለ የአውቶሞቢል ማኅበር ዘንድ ገንዘብ አስይዞ ያወጣዋል፤ መኪናው ከገባበት አገር ተመልሶ እንደሚወጣ ዋስትና ነው። ሲገባ አንድ ማኅተም፣ ሲወጣ አንድ ማኅተም ይመታበታል። ድልድዩ ዳር ቆመው ይህን የሚያዩት ልጆች አብዛኞቹ የራሳቸው ፓስፖርት አልነበራቸውም።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዛሬ 30ዎቹ ውስጥ ነው። ደቡብ ጀርመን፣ ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ የዕቃ ማድረሻ መኪና ይነዳል። ሚስትና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ዘንድሮ ካምፐር ተከራይቶ ቤተሰቡን ለሦስት ሌሊት ወደ ፈረንሳይ ገጠር ሊወስድ እያቀደ ነው። በዕድሜው ለመዝናናት ብሎ ድንበር ሲያቋርጥ የመጀመሪያው ይሆናል።

ወሬው እንደተሰማ አስተያየቱ ጎረፈ። «ቤት ተከራይተህ እየኖርክ ደግሞ መኪና ተከራይተህ ልትተኛ?» ያለው አለ። «ያንን ብር ለእናትህ ብትልክ አይሻልም?» ያለው ደግሞ ብዙ ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለራሱ የሚያወጣትን እያንዳንዷን ዩሮ አገር ቤት ካለ ሰው ጉሮሮ ላይ የነጠቃት ያህል እንዲሰማው ሆኖ ነው የኖረው። ሰውየው በየወሩ ይልካል፤ ይህንንም ጉዞ ያሰበው ከሚልከው ሳይቀንስ ለአንድ ዓመት በትርፍ ሰዓት ሥራ ባጠራቀመው ነው። ቢሆንም መልስ መስጠት አፍሮ ዝም ብሏል። መልሱን ግን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ እቅዱ ራሱ ምን እንደሚመስል እንይ። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚመክሩት አንድ ነው፦ የመጀመሪያ ጉዞ አጭርና ለቤት የቀረበ ይሁን። ዕቃ ቢረሳ፣ ልጅ ቢታመም፣ ማሽኑ ቢያስቸግር ለመመለስ እንዲቀል ነው። በዚህ ምክር መሠረት መስመሩ ከፍራይቡርግ ወደ ብራይዛክ፣ ራይን ወንዝን በድልድይ ተሻግሮ ነፍ ብሪዛክ፣ ከዚያ በኮልማር በኩል ወደ ሙንስተር ሸለቆ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ከቤታቸው ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ይታደራል። ቀን ላይ ደግሞ የአልዛስን የወይን መንደሮች እያዩ ዝግ ብሎ መንዳት ነው።

መንጃ ፈቃዱ አያሳስብም። የኢትዮጵያው መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ ኑሮ ከጀመሩ በኋላ የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ ስለሆነ፣ እንደማንኛውም ሰው የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና እንደገና ተፈትኖ አልፏል። ተራው የ«ቢ» ደረጃ መንጃ ፈቃድ እስከ 3.5 ቶን የሚመዝን ካምፐር ያስነዳል። ግን 3.5 ቶን ማለት መኪናው፣ ሰዎቹ፣ ውሃው፣ ጋዙ፣ ምግቡና ልብሱ ተደምሮ ነው። 100 ሊትር ውሃ ብቻ 100 ኪሎ ይመዝናል። ሚስት ይዛ ልትሄድ ካሰበችው ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ጀበናና ረከቦት ላይ ክርክር የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ረከቦቱ ቀረ፤ ጀበናው ጸና። ቡናውም ቤት ተቆልቶ እንዲሄድ ተስማሙ፤ ካምፐር ውስጥ ቡና መቁላት የጭስ ማስጠንቀቂያውን ማስጮህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቁመት ነው። ካምፐር እንደየዓይነቱ እስከ 3 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል። ብዙ የመኪና ማቆሚያዎች መግቢያ ላይ 2 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አግዳሚ ብረት አለ። ቁመቱን በወረቀት ጽፎ መሪው ፊት መለጠፍ ነው፤ ሰው ሲደናገጥ ቁጥር ይረሳልና። ፍጥነትም አለ፦ ፈረንሳይ ከ2018 እ.ኤ.አ ሐምሌ ጀምሮ መሀሉ ያልተከፈለ የገጠር መንገድ ላይ ጣሪያውን ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አውርዳለች፤ አንዳንድ አካባቢዎች በኋላ ወደ 90 መልሰውታል፤ ስለዚህ ምልክቱን ማየት ነው።

ሦስተኛውና ማንም ማውራት የማይወደው ቆሻሻው ነው። የመኪና ቤት ሁለት ዓይነት ፍሳሽ አለው፦ የዕቃና የእጅ እጣቢ አንድ፣ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሌላ። ሁለቱም ሜዳ ላይ አይደፉም። የፈረንሳይ መንደሮች ለዚህ «ኤር» የሚባል ቦታ አዘጋጅተዋል። ንጹህ ውሃ ይቀዳል፣ እጣቢ ይፈስሳል፣ ማጠራቀሚያው ይታጠባል፤ ብዙዎቹም ላይ ማደር ይቻላል። ለአንድ ማዘጋጃ ቤት ይህን መሥራት ከባድ አይደለም፤ እንግዳው ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ከመንደሩ ዳቦ ቤት ይገዛል።

አራተኛው ማደሪያ ነው። ከኤር ሌላ በየመንደሩ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስተዳድራቸው ርካሽ የካምፕ ቦታዎች አሉ። ከዚህም ሌላ ከ1993 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሠራ ፍራንስ ፓሲዮን የሚባል የአባልነት መረብ አለ፤ የወይን አምራቾችና ገበሬዎች በግቢያቸው ካምፐርን ለ24 ሰዓት በነፃ ያሳድራሉ። ግዴታው ሦስት ነው፦ የራስህ ሽንት ቤት ይኑርህ፣ ስትደርስ ባለቤቱን ሰላም በል፣ ስትሄድ ሳትሰናበት አትሂድ። መግዛት ግዴታ አይደለም። ይህ ለመተማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ማለት ነው፤ ልዩነቱ በመዝገብ መስፈሩ ብቻ ነው።

እቅዱ ይህን ያህል ዝርዝር የሆነው ሰውየው ጠንቃቃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊት ያደረገውን ትልቅ ጉዞ እሱ አላቀደውም። በ2006 ዓ.ም በዚያችው ድልድይ አካባቢ ሌሊት ወደ ጋላባት ሲሻገር የት እንደሚያድር የሚያውቀው ደላላው ነበር። ካርቱም የት እንደሚቆይ፣ በረሃውን በየትኛው ፒካፕ እንደሚያቋርጥ፣ ሊቢያ ውስጥ የትኛው ግቢ እንደሚዘጋበት፣ ባሕሩን መቼ እንደሚሻገር፤ ሁሉንም የወሰነው ሌላ ሰው ነው። እሱ የወሰነው መውጣቱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ወረቀት አውጥቶ «ዓርብ ማታ እዚህ፣ ቅዳሜ እዚያ» ብሎ ሲጽፍ ሰዎች የሚያዩት ቅንጦት ነው። እሱ ግን አብረውት የሚሄዱት ሰዎች የት እንደሚያድሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየወሰነ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሌላም መስመር አለ፦ ሰነድ። ጀርመን በስደተኝነት ተቀብላው የሰጠችው ሰማያዊ የጉዞ ሰነድና የመኖሪያ ፈቃድ አለው። በእነዚህ በሼንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ድልድዩ ላይ ኬላ የለም ብሎ ሰነድ ቤት መተው ግን ስህተት ነው። ፈረንሳይ ከ2015 እ.ኤ.አ ጀምሮ ድንበሯ ላይ ቁጥጥር መልሳለች፤ ጀርመንም ከመስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ትፈትሻለች። መልኩ ጠይም የሆነ ሹፌር ደግሞ ከሌላው ይልቅ የመቆም ዕድል እንዳለው ያውቃል። የሦስቱም ሰነድ በአንድ ቦርሳ፣ ቦርሳው ከፊት ወንበር።

በዚያ ሰማያዊ ሰነድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ታትሟል። ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገሮች ያገለግላል ይላል። ሰውየው ፈረንሳዊ ገበሬ ግቢ ሄዶ ማደር ይችላል። እናቱ ግቢ መተማ ሄዶ ማደር ግን አይችልም። «ለእናትህ ብትልክ አይሻልም?» የሚሉት ሰዎች ይህን ይረሳሉ። ብር ይሄዳል፤ እሱ አይሄድም። ልጁ አያቷን የምታውቃቸው በስልክ ነው፤ ያም ኔትወርክ ሲኖር።

እናቲቱም መጀመሪያ ሐሳቡ አልገባቸውም። በመተማ መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ወይ የሎንቺና ሹፌር ነው፣ ወይ የተፈናቀለ። በየዓመቱ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው ሳሉግም ሜዳ ላይ ሸራ ወጥሮ ያድራል፤ ማንም ግን ያንን ሽርሽር አይለውም። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ሲጀመር ደግሞ በዚያችው ድልድይ ፍራሽና ልጅ የተሸከመ ሕዝብ ገባ፤ ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያ ሆኑ። ይህን ያዩ እናት ልጃቸው «ከነቤተሰቤ መኪና ውስጥ ልናድር ነው» ሲላቸው የደነገጡት ያለ ምክንያት አይደለም። «ምን አገኛችሁ ልጄ? ከቤታችሁ አስወጧችሁ እንዴ?» አሉ። ለደስታ መሆኑን አስረዳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «መቼ ትመለሳላችሁ?» ብለው ጠየቁ። «ሰኞ፣ ከምሳ በፊት» አላቸው። በ2006 ዓ.ም ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል አላገኙም ነበር፤ ሳይነግራቸው ነው የወጣው።

እንግዲህ ለአስተያየት ሰጪዎቹ የሚሆነው መልስ ይህ ነው። ስደተኛና መንገደኛ ሁለቱም ድንበር ይሻገራሉ፣ ሁለቱም ከቤታቸው ውጭ ያድራሉ። የሚለያቸው የመመለሻው ቀን ነው። ዕድሜውን ሁሉ ወደፊት ብቻ ሲገፋ የኖረ ሰው ሄዶ መመለስን መልመድ አለበት። ሦስት ሌሊት ሄዶ፣ በራሱ ቁልፍ የራሱን በር ከፍቶ ሲገባ፣ ያ ኪራይ ቤት ቤቱ መሆኑን ያኔ ያውቃል። ልጁም አባቷ ድንበር የሚሻገር፣ ፖሊስ ሲያስቆመው ሰነዱን አሳይቶ የሚያልፍ ሰው መሆኑን ታያለች። ይህ ለእናት ከሚላከው ብር ጋር የሚፎካከር ነገር አይደለም። ጤናው የተጠበቀ ልጅ ነው እናቱንም የሚጦረው።

የሚሻገሩበት ራይን ወንዝም ቢሆን ሁልጊዜ የሽርሽር መንገድ አልነበረም። ነፍ ብሪዛክ ራሷ ምሽግ ናት። ሉዊ 14ኛ በ1697 እ.ኤ.አ ውል ማዶ ያለችውን ብራይዛክን ሲለቅ፣ ቮባን የተባለው መሐንዲሱ ወዲህ ማዶ በስምንት ማዕዘን የነደፋት የጦር ከተማ ናት። አልዛስ በ1871 ለጀርመን፣ በ1918 ለፈረንሳይ፣ በ1940 እንደገና ለጀርመን ሆና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወደ ፈረንሳይ ተመልሳለች። መተማም ታሪኳ ይመሳሰላል፦ አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም የቆሰሉበት ጦርነት እዚያ ነው የተካሄደው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛለች። በ1940 እ.ኤ.አ ኅዳር ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ጋላባትና መተማ ላይ ተዋግተዋል። ዛሬ በራይን ድልድይ ላይ ሰው በብስክሌት ማዶ ሄዶ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል። በመተማው ድልድይ የሚያልፈው አሁንም ወይ ሸቀጥ ነው ወይ ስደት። የሱዳንም የአማራም ጦርነት ሲያበቃ ግን ያ መንገድ ዳግም የመንገደኛ መንገድ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ኤር ለመሥራት የሚያስፈልገው ውሃ፣ ፍሳሽ መቀበያና ጥበቃ ነው። ገንዳ ውሃ ላይ ይቻላል፣ ጭልጋ ላይም ይቻላል።

እስከዚያው በውጭ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁ የተሟላ፣ አቅማችሁም የሚፈቅድ፣ ለዓመታት «ለሽርሽር አልመጣሁም» እያላችሁ ሥራና ቤት ብቻ የምትመላለሱ፣ ሦስት ሌሊት ያዙ። ሩቅ መሆን የለበትም። ውሃ ሙሉ፣ ቁመታችሁን ጻፉ፣ ሰነዳችሁን ያዙ፣ ያሳደራችሁን ሰው ሳታመሰግኑ አትሂዱ። ከሁሉም በፊት ግን የምትመለሱበትን ቀን ለእናቶቻችሁ ንገሩ።